አባዬ ሲቆም ውሃው ስንት ይወርዳል? ለአዛውንቶች ሻንት ስለመምረጥ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ደውሎ "ማዘር ጭንቅላቷ ውስጥ ውሃ አለ ተባለ፣ ሻንት ይግባላት ብለዋል፣ አንቺ በአባትሽ አልፈሽበታል፣ የትኛው ብራንድ ነው አሪፉ?" አለኝ። ሻንት ማለት ጭንቅላት ውስጥ የበዛውን ውሃ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚያወርድ ቱቦ ነው፣ እኔም ያኔ ይሄንኑ ጥያቄ ይዤ ነበር የገባሁት። ሰርጀኑ ግን ብራንዱን ትቶ "አባትሽ ቀኑን እንዴት ነው የሚውሉት? ይቀመጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ወይስ አልጋ ላይ ናቸው?" ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔ ደግሞ በሆዴ ይሄ ሰውዬ ጥያቄዬን አልሰማኝም እንዴ እያልኩ ነበር። ለካ መልሱ እዛው ጥያቄው ውስጥ ነው ያለው። ለጓደኛዬ ያወራሁለትን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው፣ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ነገር ጋር ስለኖርኩ የገባኝን በገባኝ ልክ እናገራለሁ።

ከመሠረቱ እንጀምር። አንጎላችን መሃል ቬንትሪክል የሚባሉ ክፍተቶች አሉ፣ እዛ ውስጥ ጥርት ያለ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ቀን ከሌት ይመረታል፣ በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ግን አንጎልና ህብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለው 150 ሚሊ ሊትር አካባቢ ብቻ ስለሆነ በቀን ሶስት አራቴ ይታደሳል፣ የተመረተውን ያህል ደግሞ ወደ ደም ይመለሳል። መመለሻው መንገድ ሲዳከም ውሃው ይጠራቀምና ክፍተቶቹን እየለጠጠ ይሄዳል፣ ሃይድሮሴፋለስ የሚባለው ይሄ ነው። ህፃን ላይ ሲሆን ጭንቅላቱ ስለሚያድግ ማንም ያየዋል። አዛውንት ላይ ግን የራስ ቅሉ የተዘጋ ነው፣ ከውጭ የሚታይ ነገር የለም፣ ግፊቱ ሲለካም ብዙ ጊዜ ኖርማል ሆኖ ይገኛል፣ ለዛ ነው "ኖርማል ፕሬዠር ሃይድሮሴፋለስ" የተባለው። ሳሎሞን ሀኪም የሚባል ኮሎምቢያዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪም በ1965 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ነው በደንብ ያስተዋወቀው፣ ምልክቶቹም ሶስት ናቸው፣ አረማመድ ይበላሻል፣ ሽንት ያመልጣል፣ ሃሳብ ይዘገያል።

አረማመዱን ካያችሁት አትረሱትም። አባዬ ኮሪደር ላይ ዞሮ ሊመለስ ሲል እግሩ ወለሉ ላይ በሙጫ የተለጠፈ ነበር የሚመስለው፣ አንድ ቀን ቆጠርኩ፣ ፊቱን ወደ እኔ እስኪያዞር 11 እርምጃ ፈጀበት፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ትንንሽ ትንንሽ እየረገጠ። እኛ ደግሞ ምን አልን? እርምጃውን ጉልበት ነው አልን፣ ሽንቱን ፕሮስቴት ነው አልን፣ መርሳቱን ጃጀ አልን፣ ለአንዱ በሽታ ሶስት ሰበብ ሰጥተን ዓመት አሳለፍን። እውነቱን ለመናገር ከፓርኪንሰንና ከአልዛይመር ጋር ስለሚመሳሰል፣ አንዳንዴም አብሮ ስለሚመጣ፣ ሐኪሞችም ይሳሳታሉ።

ስለዚህ ሻንት ከመምረጥ በፊት ሻንት ይጠቅመዋል ወይ የሚለው መጣራት አለበት። ኤምአርአይ ወይ ሲቲ ክፍተቶቹ መስፋታቸውን ያሳያል፣ ግን በእድሜ አንጎል ሲሟሽሽም ክፍተቱ ይሰፋልና ምስሉ ብቻውን አይበቃም። ብዙ ቦታ የሚደረገው ከወገብ በመርፌ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ መቅዳት ነው፣ ከመቀዳቱ በፊትና በኋላ ያስኬዱታል፣ ሰዓት ይይዛሉ፣ እርምጃ ይቆጥራሉ። ምክሬ፣ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ያው ኮሪደር፣ ያው ጫማ፣ በፊትና በኋላ። ቤተሰብ "ትንሽ የተሻለው ይመስለኛል" ከሚል ቪዲዮ ይሻላል። ከተሻለው ጥሩ ምልክት ነው፣ ካልተሻለው ግን በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ለውጡ የሚታየው በወገብ በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ ለሁለት ሶስት ቀን ቀስ እያለ ሲንጠባጠብ ነው። እድሜ ብቻውንም መከልከያ አይደለም፣ 80 ያለፈው ሰውም ይሰራለታል፣ የሚታየው ልቡ፣ ኩላሊቱ፣ የሚወስደው መድኃኒት ምናምን ነው።

እሺ ሻንቱ። በቃ ቱቦ ነው፣ መሃሉ ላይ ቫልቭ ያለው። አንዱ ጫፍ ውሃው ያለበት ይገባል፣ ሌላኛው ጫፍ ሰውነት ውሃውን መምጠጥ የሚችልበት ቦታ ይሄዳል፣ ሁሉም ከቆዳ ስር ነው፣ ከውጭ የሚታየው ከጆሮ ጀርባ ያለች ትንሽ እብጠት ብቻ ናት። በብዛት የሚደረገው ከጭንቅላት ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ነው። ሆዱ ብዙ ጊዜ የተቀደደ ወይም ኢንፌክሽን የነበረበት ሰው ከሆነ በአንገት ደም ስር አድርጎ ወደ ልብ የሚሄደው አለ፣ እዛ ላይ ግን ኢንፌክሽን ከመጣ በቀጥታ ደም ውስጥ ነው፣ የደም መርጋትና የኩላሊት ጣጣም ሊያመጣ ይችላል። ሶስተኛው ከወገብ ወደ ሆድ ነው፣ ጭንቅላት ሳይበሳ ማለት ነው፣ ጃፓኖች በጣም ይሰሩታል፣ ጥናትም አድርገው እንደሚጠቅም አሳይተዋል። ጭንቅላት አለመበሳቱ ለቤተሰብ ጆሮ ደስ ይላል፣ ግን አዛውንት ወገቡ የጠበበ፣ አጥንቱ የተጣመመ ሊሆን ይችላል፣ እዛ ጠባብ ቦታ ውስጥ ቱቦ ማስገባት አስቸጋሪ ነው፣ ቱቦውም ከቦታው ይንሸራተታል። ስለዚህ መንገዱን የሚመርጠው በአብዛኛው የሰውየው ገላ ነው፣ እኛ ብዙም የምንከራከርበት አይደለም።

ጭቅጭቁ ያለው ቫልቩ ላይ ነው። የመጀመሪያው በደንብ የሰራ ቫልቭ በ1956 እ.ኤ.አ. የመጣው ጆን ሆልተር የሚባል የፋብሪካ ሰው፣ ሐኪም ያልሆነ፣ ለገዛ ልጁ ሲል ቤቱ ውስጥ ሲነካካ ነው። ከዛ ወዲህ ብዙ ዓይነት ወጣ፣ ሀሳቡ ግን ያው ነው፣ ግፊቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ይከፈታል፣ ሲቀንስ ይዘጋል። ያ የተወሰነ መጠን መክፈቻ ግፊት ይባላል። ዝቅተኛ ከሆነ ቶሎ ይከፈታል ብዙ ይወርዳል፣ ከፍተኛ ከሆነ ትንሽ ይወርዳል። ቀላል ይመስላል አይደል? በደንብ ይውረድለት እንጂ ማለት ያምራል። አዛውንት ላይ ግን ብዙ መውረዱ ነው አደጋው።

ለምን መሰላችሁ፣ በእድሜ አንጎል ትንሽ ያንሳል፣ በእሱና በራስ ቅሉ መሃል ክፍተት ይፈጠራል፣ እዛ ክፍተት ላይ የሚሻገሩ ቀጫጭን ደም ስሮች አሉ፣ ተወጥረው ነው ያሉት። ከውስጥ ውሃው በፍጥነት ሲወጣ አንጎሉ የበለጠ ይሸሻል፣ ደም ስሮቹ ይለጠጣሉ፣ አንዱ ከተበጠሰ ደም ይፈሳል፣ ሰብዱራል የሚሉት ይሄ ነው። ላዩ ላይ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ከሆነ፣ አዛውንቶች ደግሞ ግማሹ አስፒሪኑን ግማሹ ሌላውን ይወስዳል፣ ነገሩ ይከብዳል። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ የሆላንድ ጥናት አለ፣ 96 ሰው ላይ ዝቅተኛና መካከለኛ ግፊት ያላቸውን ቫልቮች አወዳድረው፣ ዝቅተኛው ትንሽ የተሻለ ለውጥ አመጣ፣ ግን አንጎል ዙሪያ ፈሳሽ የተጠራቀመባቸው 71 በመቶ ሆኑ፣ በመካከለኛው 34 በመቶ። አብዛኛው ከባድ ጉዳት አላደረሰም፣ ቢሆንም ቁጥሩ ያስደነግጣል። እንግዲህ ሐኪሙ የሚሄደው በዚህች ቀጭን ገመድ ላይ ነው፣ ትንሽ ካወረደ አባትህ አይራመድም፣ ብዙ ካወረደ ይደማል።

ትክክለኛው መጠን ስንት እንደሆነ ደግሞ ኦፕራሲዮኑ ቀን ላይ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ለዛ ነው ፕሮግራመብል ቫልቭ የመጣው፣ ውስጡ በማግኔት የምትዞር ትንሽ ነገር አለች፣ ሐኪሙ ቆዳው ላይ መሣሪያ አስቀምጦ መክፈቻ ግፊቱን ከውጭ ይቀይረዋል፣ መርፌ የለም መቅደድ የለም፣ ለአባዬ ሲደረግለት እኔ ወንበሬን ሳላመቻች አለቀ። ኮድማን ሀኪም የሚባለው ብራንድ ከ30 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ውሃ (የግፊት መለኪያ ነው) ድረስ በየ10 እየተቆጠረ 18 ደረጃ አለው፣ ስትራታ እና ፖላሪስ 5 ደረጃ፣ ሰርታስ ፕላስ 8። 18ቱ ከ5ቱ ይበልጣል ብላችሁ አትጨነቁ፣ ዋናው ነገር ሳይቀድዱ ወደ ኋላ መመለስ መቻሉ ነው። ቁጥሩ የማይቀየር ቫልቭ ገብቶ ውሃው በዛ ቢባል መፍትሄው ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ነው፣ 78 ዓመት ለሆነው ሰው ሁለተኛ ማደንዘዣ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። በእኔ እይታ ለአዛውንት አቅም እስካለ ድረስ ፕሮግራመብል ነው፣ ከሌለ ደግሞ መካከለኛ ግፊት ያለውን ይዞ በጥንቃቄ መከታተል።

አሁን ወደ ሰርጀኑ ጥያቄ ልመለስ። ከበርሜል ውሃ በጎማ ስቦ ያወጣ ሰው ያውቀዋል፣ የጎማው ጫፍ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ውሃው እየፈጠነ ይሄዳል። ሻንትም ያው ነው። ሰውየው ሲተኛ ጭንቅላቱና ሆዱ እኩል ናቸው፣ ውሃው ቀስ ይላል። ብድግ ሲል ግን ከጭንቅላቱ እስከ ሆዱ ግማሽ ሜትር ያህል የውሃ ዓምድ ተንጠልጥሎ ይስባል፣ 100 ወይም 150 ላይ የተስተካከለች ቫልቭ ይሄን 500 ሚሊ ሜትር ስበት አትችለውም፣ ቁልቁል ይነዳል። ከዛ ቆሞ ራስ ምታት፣ ሲተኛ ደህና፣ ይሄ የብዙ መውረድ ፊርማው ነው።

ይሄንን ለመከላከል ከቫልቩ ጋር የሚገጠም ወይም እዛው ውስጥ አብሮ የተሰራ ተጨማሪ ነገር አለ። አንዱ ዓይነት ሜምብሬን፣ ስስ ሽፋን ማለት፣ ነው፣ ከታች ስበት ሲመጣ ሜምብሬኑ ተስቦ መንገዱን ይዘጋል፣ ስትራታ ላይ ያለው እንደዚህ ነው፣ ችግሩ ከላዩ ያለው ቆዳ ሲጠነክርና ጠባሳ ሲሰራ አሠራሩ ይቀየራል። ሌላው ውሃው ሲፈጥን ሰፊውን መንገድ ዘግቶ በጠባብና ረጅም መንገድ እንዲዞር ያደርገዋል። ሶስተኛው እኔ በጣም የወደድኩት ነው፣ ግራቪቴሽናል ይሉታል፣ ጀርመኖቹ ሚትከ የሚባሉት ናቸው በዚህ የሚታወቁት፣ ውስጡ ከባድ የብረት ኳስ አለች፣ ሰውየው ሲተኛ ኳሷ ወደ ጎን ትላለች መንገዱ ክፍት ነው፣ ሲቆም በክብደቷ መንገዱ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ውሃው ኳሷን ማንሳት ካልቻለ አያልፍም። ስበቱን በስበት መለሱት ማለት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ የጀርመን ጥናትም ይሄ ኳስ ያለበት አዛውንቶች ላይ ብዙ የመውረድ ችግር በግልጽ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ግን ኳሷ ቆመ ተኛ የምትለው በአቀማመጧ ነው፣ ስለዚህ ሲገባ ከሰውነቱ ጋር ቀጥ ብሎ መግባት አለበት፣ ተንጋዶ ከገባ ስሌቱ ይዛባል። ሰውየውም ጀርባው ጎብጦ አንገቱ ወደፊት የተደፋ ከሆነ ከጆሮ ጀርባ ያለው ቫልቭ "ቆሟል" አይለውም ማለት ነው፣ ያኔ ደረት ላይ ማስቀመጥም አለ። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ለሚውል ሰው ደግሞ ይሄ ሁሉ ጥበቃ ያን ያህል አይሰራም፣ ቀኑን ወንበር ላይ ለሚውል ግን ወሳኝ ነው። ውፍረትም አለበት፣ ቦርጭ ያለው ሰው የሆዱ ግፊት ከፍ ስለሚል ውሃው ለመውረድ ይቸገራል፣ ቫልቩ ዝቅ መደረግ ይኖርበታል፣ ጃፓኖች የመጀመሪያውን ቁጥር የሚመርጡት በቁመትና በክብደት በተሰራ ሰንጠረዥ ነው። የሆድ ድርቀት እንኳን ውሃው እንዳይወርድ ያደርጋል፣ አባዬ ድንገት ወደ ድሮው እርምጃው ተመልሶ ሁላችንም ሻንቱ ተዘጋ ብለን ስንሯሯጥ ችግሩ አምስት ቀን ሽንት ቤት አለመቀመጡ ሆኖ ተገኘ፣ ቀልድ አይደለም።

ኤምአርአይ ሌላው ጉዳይ ነው። አዛውንት ሰው መቼም አንድ ቀን ኤምአርአይ መታዘዙ አይቀርም፣ ማሽኑ ደግሞ ትልቅ ማግኔት ነው፣ በማግኔት የምትስተካከለዋን ቫልቭ ቁጥሯን ሊቀይራት ይችላል። አዳዲሶቹ እንደ ሰርታስ ፕላስ፣ ፖላሪስ፣ ፕሮጋቭ ያሉት መቆለፊያ ስላላቸው እስከ 3 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ማሽን ድረስ አይነቃነቁም፣ የድሮዎቹ ግን ከምርመራ በኋላ እንደገና መታየት አለባቸው። እኛ ላይ የደረሰው ይሄ ነው፣ አባዬ ለወገቡ ሌላ ቦታ ኤምአርአይ ተነሳ፣ ማንም ስለ ቫልቩ አልጠየቀውም፣ በሳምንቱ ሲቆም ራሱን ይዞ መቀመጥ ጀመረ፣ ቁጥሩ ወርዶ ተገኘ። ቤት ውስጥም ማግኔት ያላቸውን ነገሮች፣ የታብሌት ከቨር፣ ትልልቅ ሄድፎን፣ ስልክ ላይ የሚለጠፉ ነገሮች፣ ከእብጠቷ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ማራቅ ነው። ትራሱ ላይ ታብሌቱን አስደግፎ የሚተኛ አባት ካላችሁ ያው።

እና አሁን ማንም የማይነግራችሁ ነገር፣ እያንዳንዱ ብራንድ የራሱ ማስተካከያ መሣሪያ አለው። የአንዱ ለሌላው አይሰራም። የዓለም ምርጥ ቫልቭ ገብቶ የምትከታተሉበት ቦታ መሣሪያው ከሌለ ያ ፕሮግራመብል የተባለው ነገር ማንም ሊቀይረው የማይችል ውድ ቫልቭ ሆነ ማለት ነው። እኔ ብራንድ ምረጪ ብባል መጀመሪያ የማየው ይሄንን ነው።

ስለ ቱቦው አጭር ነገር ልበል፣ ተራ ሲሊኮን አለ፣ አንቲባዮቲክ የተነከረ አለ፣ ብር የተቀባ አለ። በእንግሊዝና አየርላንድ ከ1,600 በላይ ሰው ላይ ተሞክሮ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት አንቲባዮቲክ ባለው ኢንፌክሽን 2 በመቶ፣ በተራውም በብሩም 6 በመቶ አገኘ። ካለ አንቲባዮቲክ ያለውን፣ ብሩ ላይ ገንዘብ አታባክኑ።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ደግሞ ትዕግስት ይጠይቃል፣ ብዙ ሰርጀኖች ቫልቩን ከፍ አድርገው ይጀምሩና በየሳምንቱ ወይ በየወሩ እያዩ ያወርዱታል። አባዬ በመጀመሪያው ወር ምንም አልተለወጠም፣ እናቴ "ለዚህ ነው ጭንቅላቱን የበሱት?" እያለች ታለቅስ ነበር። ሁለተኛው ማስተካከያ ላይ ነው ኮሪደሩን በአራት እርምጃ የዞረው። የሚጠበቀውንም ማወቅ ጥሩ ነው፣ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ላይ 99 ሰዎች ሁሉም ሻንት ገባላቸው፣ ግን ግማሾቹ ቫልቩ ሳያውቁት እንደተዘጋ ተደረገ። በሶስት ወር የተከፈተላቸው በሰከንድ 0.23 ሜትር ፈጥነው መራመድ ቻሉ፣ የተዘጋባቸው 0.03 ብቻ። የወደቁት ደግሞ ከተከፈተላቸው 24 በመቶ፣ ከተዘጋባቸው 46 በመቶ ናቸው። የማስታወስና የሽንት ለውጡ ግን በዛ ጊዜ ውስጥ ያን ያህል ልዩነት አላሳየም፣ አንጎል ዙሪያ መድማት ደግሞ ከተከፈተላቸው 12 በመቶ ላይ፣ ከተዘጋባቸው 2 በመቶ ላይ ታየ። ስለዚህ "እግሩ ይመለሳል፣ አእምሮው እናያለን" ብሎ መግባት ነው የሚሻለው።

አሁን አባዬ ቦርሳው ውስጥ አንዲት ካርድ አለች፣ የቫልቩ ሙሉ ስምና ሞዴል፣ የመጨረሻው ቁጥር፣ የተስተካከለበት ቀን። ከኤምአርአዩ ጣጣ በኋላ ነው የጻፍኳት፣ ከጀርባዋ ላይ ደግሞ በቀይ "ከወደቀ፣ ሲቆም ራሱን ካመመው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ሲቲ ይነሳ" ይላል።

ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ሰምቶ "እሺ ብራንዱስ?" አለኝ። ማዘር ቀኑን እንዴት ነው የምትውለው አልኩት። "ኧረ እሷ ወንበሯ ላይ ነች ከጠዋት እስከ ማታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ለልቧም ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች" አለኝ። እሱን ነው ነገ ስትገባ መጀመሪያ የምትነግረው አልኩት፣ ብራንዱን ከዛ በኋላ ጠይቅ።